እትዬ መርፌ ቤት ሲሰድቡ

ቤት ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ ከኋላው አንድ ሰው አስከትሎ ነው የሚዞረው። ብቻዬን አይቼ ብቻዬን ገዛሁ የሚል ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ጣራው እያፈሰሰበት ነው። ይህ ተከታይ መሐንዲስ አይደለም፣ ደላላ አይደለም፣ አምስት ሳንቲም አያዋጣም። ነገር ግን ግድግዳ ያንኳኳል፣ ቧንቧ ይከፍታል፣ የቤቱን ባለቤት እንደ ተከሳሽ ያፋጥጣል፤ ሁሉን ካመሰቃቀለ በኋላ ደግሞ "እኔ ምን አገባኝ፣ የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ" ብሎ እጁን ያራግፋል። እንዲህ ከተባለ በኋላ ያንን ቤት የሚገዛ ጀግና እስካሁን አልተወለደም።

የኛ ቤተሰብ ተከታይ ክብርት እትዬ መርፌ ናቸው። የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ኖረዋል፤ ዛሬም ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ካልሆነ በቀር አያወልቁትም። መርፌ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ስለ ሙያቸው ይሁን ስለ ምላሳቸው እስካሁን በቅጡ አልተጣራም።

እትዬ መርፌ ልብስ ሲገዙ መጀመሪያ የሚያደርጉት መገልበጥ ነው። "ፊቱንማ ሻጩም አሳምሮታል" ይላሉ። እሳቸው የሚያዩት ገበሩን፣ ስፌቱን፣ ክሩ የተቋጠረበትን ነው። ቤትም ለሳቸው ትልቅ ልብስ ስለሆነ፣ ደላላው የሳሎኑን በር በኩራት ወለል አድርጎ "ይግቡ እትዬ" ሲል እሳቸው በጓሮ በኩል ጠፍተዋል። ስንፈልጋቸው ወይ የዕቃ ማጠቢያው ስር ተንበርክከው ወይ ጣራ ላይ ወጥተው ነው የምናገኛቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ሰባት ነው። መሰላል ካዩ ጫማቸውን አውልቀው "እስኪ ደህና አድርገህ ያዝ" ማለት ብቻ ነው። ያዢው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

አንድ ቤት ለማየት ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ቧንቧዎቹን ሁሉ ባንዴ ይከፍታሉ። የሽንት ቤቱን ውሃ ይለቁና ሰዓታቸውን እያዩ መልሶ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ከቦርሳቸው የክር ጥቅል አውጥተው ወለሉ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ክሩ ከተንከባለለ ወለሉ ዘሟል ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካገኙማ ጉድ ፈላ። "ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?" ይላሉ፣ የሰው ልጅ ዕድሜ እንደሚጠየቅ። ባለቤቱ "ኧረ ቀለሙ ነው እትዬ" ሲል "እሺ፣ ይሁን። አምና ስንት ጣት ያህል ነበር?" ብለው ይቀጥላሉ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ ደላላው ላቡን እየጠረገ "መቼም አያችሁት አይደል?" ሲል መልሳቸው አንድ ነው።

"ገና መቼ አየነው!"

ከዚያ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። አንኳኩተው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይለምናሉ። ውሃውን ጠጥተው ሲመለሱ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ባለቤቱ ለምን እንደሚሸጥ፣ ሚስትየው የት እንደሄደች፣ ማዶ ያለው ውሻ ማንን እንደነከሰ ሁሉንም ያውቃሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ደላላው ራሱ ከማን ጋር እንደተካሰሰ ደርሰውበት መጡ። ሰውየው በማግስቱ ስልካችንን ማንሳት አቆመ። በአንድ ወር ውስጥ ያጣነው ሦስተኛው ደላላ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ አላቸው። የሚፈልጉትን ነገር ሻጩ ፊት አመስግነው አያውቁም። ጨርቅ ተራ ሲሄዱ ጣታቸው ጨርቁን እየዳሰሰ፣ ልባቸው እየቀለጠ፣ አፋቸው "ይሄ ምኑ ጨርቅ ነው፣ የዱቄት ማጣሪያ ነው እንጂ" ይላል። የማይፈልጉትን ግን ሰማይ ይሰቅሉታል፤ "አቤት ማማሩ! የሚገዛው ሰው ታድሎ!" ይሉና ይሄዳሉ። ባለቤቴን ያሳደጓት በዚህ ሕግ ነው። ቤት ፍለጋ ስንወጣም ስምምነታችን ይኸው ነበር፦ እትዬ መርፌ ካሞገሱ በሩን ፍለጋ እንሄዳለን፤ ከሰደቡ ተስፋ አለ።

አንድ ነጭ ቤት ነበር። ወለሉ ፊት ያሳያል፣ መብራቱ ከጣራው ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል፣ ኩሽናው መጽሔት ላይ ያለ ነው የሚመስለው። እኔና ባለቤቴ እዚያው በዓይናችን ሶፋ መደርደር ጀምረናል። እትዬ መርፌ ከጓሮ መጡና ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "እንዴት ያለ ቤተ መንግሥት ነው! እዚህ የሚገባ ሰው ምን ጎደለው!" አሉ። ባለቤቴ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ውጭ ስንወጣ ነገሩን አፈረጡት። የኋላው ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ትኩስ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው አሮጌ ነው። ክረምት ውሃው እስከዚያ ይደርሳል ማለት ነው። "ሽንጡ የተበላ ኮት ነው፤ ኪሱ ላይ ወርቅ ቁልፍ ሰፍተውበታል" አሉ። በቀጣዩ ክረምት በዚያ መንደር ሳልፍ የነጩ ቤት ሰዎች ምንጣፋቸውን አጥር ላይ አስጥተው አየሁ።

እንግዲህ ለምን እንዲህ እንደምንንከራተት ልንገራችሁ። በአስራ አንድ ዓመት ትዳራችን አምስት ቤት ተከራይተናል። ትልቋ ልጃችን ሦስት ትምህርት ቤት ቀይራለች፤ ጓደኛ ስታፈራ እኛ ጓዛችንን እንጠቀልላለን። ያለንበት ቤት አከራይ ግድግዳው ላይ ምስማር እንዳይመታ ከልክሎናል፤ የሠርጋችን ፎቶ መሬት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነው የኖረው። ይኸው ሰው ልጁን ሊድር ነውና በሁለት ወር ውስጥ ልቀቁ አለን። ባለቤቴ ያን ቀን አላለቀሰችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ "ስድስተኛ ቤት አልከራይም። አልችልም በቃ" አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን አሁንም ድምጿ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከሁለቱ ወር አንድ ወር ተኩሉ ባለቀ ጊዜ የግንበኛውን ቤት አገኘነው። አንድ ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ፣ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ምንም አያብረቀርቅም። ሦስት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ኩሽና። የሠሩት ራሳቸው ባለቤቱ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ቤት ሲገነቡ የኖሩ፣ ጣቶቻቸው እንደ ሥር የተጠማዘዙ አዛውንት። ሚስታቸው ሞተው ብቻቸውን ቀርተዋልና ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው።

እትዬ መርፌ ያን ቀን ሦስት ሰዓት ቆዩ። የክር ጥቅሉን በአምስት ክፍል ወለል ላይ አስቀመጡት፤ በአምስቱም ቦታ ንቅንቅ አላለም። የጥጉን ግድግዳ በሜትር ለኩት፣ ማመን አቅቷቸው ደግመው ለኩት። መኝታ ቤት ያገኟትን አንዲት ቀጭን ስንጥቅም ዕድሜዋን ጠየቁ። ጣራ ላይ ወጡና ብዙ ሳይወርዱ ቀሩ። ከታች መሰላሉን ይዤ ስጣራ "ቆይ፣ አትነዝንዘኝ" አሉኝ በቀጭን ድምፅ። በቤቱ ፍቅር ወድቀዋል። አርባ ዓመት ስፌት ሲመረምሩ የኖሩ ሴት ስህተት የሌለበት ስፌት አግኝተዋል።

ከጣራ ወረዱ፣ ጫማቸውን አጠለቁ፣ ስድቡንም ጀመሩ። እኔና ባለቤቴ ተያየን፤ ደስታችንን መደበቅ አቃተን። ስድቡ በጨመረ ቁጥር ልባችን ይዘላል። "መስኮቱ ምነው የእስር ቤት መሰለ?" አሉ። "ይሄ ድንጋይ ከየት ተለቅሞ የመጣ ነው?" አሉ። "ኩሽናውስ፣ የዶሮ ቆጥ ነው እንዴ?" አሉ። ሽማግሌው ግንበኛ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ይሰማሉ። ሲሶውን አስቀንሰን ልንጀምር ነበር ሐሳባችን። እትዬ መርፌም ማሳረጊያ ይሁን ብለው ወደ መግቢያው ደረጃ ዞሩ። ደረጃው ዝቅ ዝቅ ያለ፣ በሁለቱም በኩል መደገፊያ ያለው ነው። ሌላ ሰው በሦስት የሚጨርሰውን ሰውየው አምስት አድርገውታል።

"ይሄስ ለማን ተብሎ ነው የተሠራው? ለጫጩት?"

ግንበኛው ኮፍያቸውን አጠለቁ። "ወይዘሮ፣" አሉ፣ "በሩ በዚያ በኩል ነው።"

"ምን አሉ ጋሼ?"

"ቤቱን አልሸጥም። ለናንተ አልሸጥም።"

ባለቤቴ "ኧረ ጋሼ፣ አክስቴ እንደሱ ማለቷ አይደለም…" ብላ ጀመረች፤ እሳቸው ግን ሄደው በሩን ከፍተው ቆሙ። ተራ በተራ ወጣን። በሩ አልተወረወረም፤ ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው፣ እሱ ደግሞ ይብሳል።

አስፋልቱ ጋ ደረስን። ባለቤቴ በሕይወቷ አክስቷ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ቀን "አንቺ ነሽ ያሳጣሽኝ!" ብላ እዚያው አስፋልት ዳር አለቀሰች። እትዬ መርፌ መልስ አልሰጡም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። መልስ ያልሰጡበት ቀን አይቼ አላውቅም።

ሦስት ቀን አልመጡም። በሦስተኛው ቀን የስፌት ሱቃቸው ጎራ ስል ለአንድ ደንበኛ የሠሩትን ሸሚዝ ይዘው ተቀምጠዋል። የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፍተውታል። ሌላው ቢሆን ያስቃል፤ እሳቸው ላይ ሳየው ግን አንጀቴን በላኝ።

"የሰውየውን ፊት አይተኸዋል?" አሉኝ።

"አይቻለሁ እትዬ።"

"እኔ አውቄ ነው እኮ። ደረጃው ምን እንደሆነ አውቄ ነው የተናገርኩት።" እጅጌውን መፍታት ጀመሩ። "ነገ በጠዋት እንሂድ።"

"ሄደን ምን እንላለን?"

"እውነቱን።"

"ሻጭ ፊት እውነት ተናግረው ያውቃሉ?"

"ስሸምት? በጭራሽ!" አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ስንት እናቅርብ በሚለው ተከራከርን። ባለቤቴ የጠየቁትን ሙሉውን እንስጣቸው አለች። የምን ሙሉ! ያለንን ሁሉ ሰብስበን፣ የእኔን እቁብና የሷን ወርቅ ጨምረን፣ አንድ አስረኛው ይጎድላል። እኔ ዝቅ ካለው ጀምረን ወደ ላይ እንውጣ አልኩ፤ ይኼንንም ከማን እንደተማርኩት የታወቀ ነው። እትዬ መርፌ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ "እናንተ ዝም በሉ። አፌ ያበላሸውን አፌ ይስፋው" አሉ።

ግንበኛው በሩን ከፍተው ሲያዩን አልገረማቸውም፤ ግቡም አላሉንም። እትዬ መርፌ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመው ጀመሩ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው በእጃቸው እየጠቀለሉት ነበር፣ ምን እንደሚያደርጉበት ጠፍቷቸው።

"ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩት ሁሉ ቅጥፈት ነው። እኔ የምፈልገውን ነገር መስደብ ልማዴ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ። መስኮቱ ጠበበ ያልኩት በልኩ ነው፤ ብርሃን ያስገባል፣ ብርድ ያስቀራል። ድንጋዩን ከየት አመጡት ያልኩት… እኔ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፣ እንዲህ የተገጠመ ትከሻ አንድ ቀን አልወጣልኝም። ጥጉን ሁለት ጊዜ ለካሁት። አንድ ጣት አልሳቱም። ጣራው ላይ ወጥቼ ምስማሮቹን አየሁ፤ ማንም በማያየው ቦታ እንኳ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ ቀናሁብዎ።"

ግንበኛው በሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ደረጃውን ደግሞ ገና ስረግጠው ነው ያወቅሁት። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ጉልበት ብሎ የሠራው ነው። አውቄ ሰደብኩት። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ እሱ እንቅልፍ ነሳኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

እንባቸው መጣ። እትዬ መርፌ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ባለቤቴም እጃቸውን ያዘች።

ሽማግሌው ወደ ደረጃው አዩ። "ባለቤቴ ናት" አሉ። "ስድስት ዓመት ወጥታ ወርዳበታለች። በኋላ በኋላ አንዷን ደረጃ ወጥታ ታርፍ ነበር።" ቀጥለውም "ከናንተ ወዲህ ሦስት ሰው አይቶታል" አሉ። "ሁሉም ውብ ነው፣ ግሩም ነው ብለው ሳሎኑን አይተው ሄዱ። አንዱም ጣራ አልወጣ። አንዱም ጓሮ አልደረሰ። እኔ አርባ ቤት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬን እንደርስዎ ያየልኝ ሰው የለም።" ከዚያ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ቀሰሩ። "ያ የመኝታ ቤቱ ስንጥቅ፣ ዕድሜውን የጠየቁኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አላደገም።"

"ገምቼ ነበር" አሉ እትዬ መርፌ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

ሳሎን ገብተን ተቀመጥን። ስንት እንደምንሰጥ ጠየቁን። ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ።

"ያለን ከጠየቁት አንድ አስረኛ ይጎድላል" አሉ እትዬ መርፌ። "ደብቀን የያዝነው የለም። ቤቱ የጠየቁትን ያወጣል፤ እንዲያውም ከዚያ በላይ ያወጣል። የጎደለው የኛ ኪስ ነው እንጂ የርስዎ ቤት አይደለም።"

አርባ ዓመት ሻጭ ያስለቀሱ ሴት "ከዚያ በላይ ያወጣል" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ባለቤቴ ጉልበቴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር፤ ለሁለት ቀን ጠቁሮ ሰነበተ። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞረው ብዙ አሰቡ። መልሰው እስኪዞሩ ድረስ ስድስተኛ የኪራይ ቤት፣ አራተኛ ትምህርት ቤት፣ ሌላ ጓዝ ጥቅለላ ሁሉ ተደርድሮ ታየኝ።

"ይሁን" አሉ። "በዚሁ ይሁን።"

ባለቤቴ ከወንበሯ ተነስታ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ተጨባበጥን። እንባና ሳቅ ተደባለቀ። በዚህ መካከል ነው የእትዬ መርፌ ድምፅ የተሰማው።

"መሰላሉስ?"

"ምን መሰላል?"

"ጓሮ ያለው። ጥሩ መሰላል ነው። ልጅዎ ጋ ሲገቡ ምን ያደርግልዎታል?"

ግንበኛው እስኪያስላቸው ሳቁ። መሰላሉንም አገኘነው።

ውሉ ተፈርሞ ቤቱን የምንረከብበት ቀን ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ጠበቁን። ጓዛቸው ወጥቷል፤ ልጃቸው መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቃለች። ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ግን አልሰጡንም። አንድ ነገር የቀራቸው ይመስላሉ። ከዚያ እኔ እንደሌለሁ ያህል በአገጫቸው ወደኔ ጠቁመው እትዬ መርፌን ጠየቁ።

"ቤቱን አወቁልኝ። የሚገባበት ሰውስ እንዴት ያለ ነው?"

እትዬ መርፌ ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"እሱ? ኧረ ይተዉኝ ጋሼ! አንድ ትከሻው ካንዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ኮት ስሰፋለት አሳሬን ነው የማየው። ምስማር ምታ ሲሉት አውራ ጣቱን ነው የሚመታው። ይረሳል። ሲስቅ አገር ይረበሻል። ለልጆቹ እንቢ ማለት አያውቅም፣ አሞላቀቃቸው። እኔን ጣራ ሲያወጣኝ መሰላሉን እንደሱ አንቆ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም፤ የምወድቅ ይመስለዋል። ልጄን ካገባ ጀምሮ፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ልመልሰው ብዬ የሚቀበለኝ ሱቅ አጣሁ።"

ይህን ስድብ አውቀዋለሁ። በየእሑዱ ምሳ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ሰው እየሳቀ እኔም አብሬ እየሳቅሁ፣ ማታ ግን ጣራ ጣራ እያየሁ "ይቺ ሴትዮ መቼ ይሆን የምትወደኝ?" ብዬ ለባለቤቴ የነገርኳት ብዙ ጊዜ ነው። እሷ ደግሞ "ወይ አንተ!" ብላ ፊቷን ታዞርና ትተኛለች።

ግንበኛው ፈገግ አሉ። ቁልፉን የእትዬ መርፌ ሳይሆን የኔ መዳፍ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን በሻካራ እጃቸው አጠፉልኝ።

"እንዲህ ከሰደቡህማ፣ ቤቴ ደህና ሰው እጅ ገብቷል" አሉኝ።

በአስራ አንድ ዓመት ያልገባኝ ለግንበኛው ሦስት ጊዜ ብቻ አይተውን ገባቸው። ወደ እትዬ መርፌ ስዞር እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው የበሩን ማጠፊያ ይመረምራሉ፤ ጆሯቸው ግን ቀልቷል።

"ምን ያስገትርሃል?" አሉኝ ሳያዩኝ። "ክፈተው እንጂ። ቁልፉን ደግሞ እስከ ነገ እንደምትጥለው አውቃለሁ።"

በሕይወቴ እንዲህ ተሞግሼ አላውቅም።